የሌለው መሳቢያ

«ማተሚያችሁ ስንት የወረቀት መሳቢያ አለው?»

የገምጋሚው መልእክት ይህችው ነበረች። ሽቦ ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ሽቦ ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ቦርሳዋ ከኬብል ተለይቶ አያውቅማ!

በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ የብሬል ማተሚያ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነ፣ የዩኒክስ ዝርያ በሆነ ስርዓተ ክወና ነው፤ አምራቹ ደግሞ ለዚያ ድራይቨር አልጽፍም ብሏል። ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን የሚያግባባ ፕሮግራም ከሌለ ማተሚያው ያው ብረት ነው። ስለዚህ ሽቦና መቶ ራሳቸው ሊጽፉት ተነሡ። መቶ የተባለችው ከመቶ አንድ ነጥብ ሲጎድልባት ስለምታለቅስ ነው።

ሽቦ ኮዱን ጻፈች። መቶ ደግሞ ከዜሮ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ ወደ ማተሚያው እየላከች፣ የትኛው ቁጥር ምን እንደሚያሠራው በአንድ ገጽ መዘገበች። ያንን ገጽ ኮዱ በራሱ ያነበዋል፤ ሽቦ ከፍታ አላየችውም። ጓደኛን ማጣራት አሳፍሯት ነበር። የስርዓተ ክወናው አዘጋጆች ገምግመው ያላጸደቁትን ትምህርት ቤቱ አይጭንም፤ ሥራውን ለእነሱ ሲልኩ ከግርጌው «የራሳችን ሥራ ነው፤ ከማንም አልወሰድንም» ብለው ሁለቱም ፈረሙ።

አሁን ገምጋሚው በዚያ ገጽ ውስጥ «ሁለተኛ መሳቢያ» የሚል አግኝቷል። የእነሱ ማተሚያ ያለው አንድ ብቻ ነው።

ሽቦ መቶን ኮሪደር ላይ አስቆመቻት። «የሌለ መሳቢያ በሙከራ እንዴት ተገኘ?»

መቶ ልትስቅ ሞከረች። «አጎቴ ጥገና ቤት የአምራቹ ምስጢራዊ ፋይል ነበር። ከዚያ ገለበጥኩት።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሞክሪ የነበርሽው?»

«አራት ቀን ሞክሬያለሁ! ከዚያ ደከመኝ። አንቺ ደግሞ በየቀኑ ‹የት ደረስሽ› እያልሽ ነፍሴን አወጣሽው።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ያስሮጠቻት ግን ራሷ እንደሆነች ሽቦ ታውቃለች።

«በቃ፣ ባለ ሁለት መሳቢያ ሌላ ቦታ አይተናል በይው» አለች መቶ። «ማን ያጣራል? የእህትሽ ፈተና እኮ ወር አልቀረውም።»

የሽቦ ታላቅ እህት ማየት ከተሳናት አራት ዓመት ሆኗታል። መጽሐፏን ሽቦ ጮክ ብላ ታነብላታለች፤ ድምፅዋ ሲዘጋ ትምህርቱም ይቆማል። ድራይቨሩ ግምገማውን ካለፈ ግን በራሷ ጣት ታነባለች። ሽቦ ይህን ቃል ገብታላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ለፈተናው ይደርሳል አይደርስም?»

«ቁጥሮቹ የእኛ አይደሉም፣ እትዬ። እንደገና ከዜሮ…»

«ይደርሳል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አይደርስም።»

«አንቺ ንጹሕ እንድትባዪ እኔ ልውደቅ?» አለች እህቷ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሽቦ መጽሐፉን አንሥታ ማንበብ ስትጀምር «ተዪው፣ ዛሬ ድምፅሽን መስማት አልፈልግም» አለቻት። ሽቦ መጽሐፉን ከደነችው።

ጠዋት፣ ቤተ መጻሕፍቱ እንደተከፈተ፣ ለገምጋሚው ጻፈች፦ «አንድ መሳቢያ ነው ያለው። ቁጥሮቹ ከአምራቹ ፋይል የተገለበጡ ናቸው። ሥራችንን አትቀበሉት።» ላከችው። ቀጥሎ የመቶን ገጽ ሳትከፍተው አጠፋችው። የማተሚያውን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች።

መቶ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። «እኔም ልሞክር። ግማሹን ስጪኝ።»

«አይሆንም። አንቺ ፋይሉን አይተሽዋል፤ እኔ አላየሁትም። ካሁን በኋላ የምትጽፊው ሁሉ ከዚያ የመጣ ይባላል።»

«እና ብቻሽን ልትጨርሺው ነው? ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቁጥር?»

ሽቦ አዲስ ደብተር ገልጣ ዜሮን ላከች። ማተሚያው ዝም አለ። «ዜሮ፦ ምንም» ብላ ጻፈች፤ ከዚያም አንድን ላከች።