ከቀዩ መስመር በላይ

ሸማኔው አቶ ግዛቸው በገዛ ቤታቸው በደረታቸው ተደፍተው፣ አፋቸው ጭቃ ጎርሶ ተገኙ። ሽሮ ሜዳ ላይ ዝናቡ ሲያወርደው አድሯል፤ ሰፈሩም «ጎርፍ በላቸው» ብሎ ተገላገለ። ማሰብ ምን ያደርግለታል!

ኢንስፔክተር ደራርቱ ግን ማሰብ ልማዷ ነው። ሟቹ የወንዙን የድሮ ሙላት ስለሚያውቁ የሰፈሩን የጎርፍ ስጋት ካርታ ያሰመሩት እሳቸው ናቸው። ካርታው ላይ ቀይ የተቀባ ቦታ ቤት አይሠራበትም፣ ኢንሹራንስም አያገኝም። የሳቸው ቤት ከቀዩ በላይ፣ አረንጓዴው ላይ ነው። ካርታው ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው እዚያው ሰጠሙ።

«አለቆቼ ካርታውን ጣሉት» አለ ካርታውን ከሟቹ ጋር የሠራው የኢንሹራንሱ ወኪል ሀምዳን። «ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ!»

የሟቹ ልጅ ሲና ዓይኗ አብጧል። «ሆስፒታል አዳር ተረኛ ነበርኩ። አባዬን ሳልታረቀው ሞተብኝ።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ፀሐዬ ጋቢያቸውን አጣፉ። «እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ። ያ ካርታ ይቀደድ፣ ቀብሩንም እናፋጥን፣ ልጄ።»

«ወንዙ ዳር ያሉት የኪራይ ክፍሎችዎ ቀዩ ውስጥ ናቸው አሉ?» አለቻቸው ደራርቱ።

«ከሚስቴ ከማሚቴ ጋር እዚያው እኖር የለ? ወንዙ ደርሶብን አያውቅም!»

ከሰዓት በኋላ ደራርቱ ሦስቱንም ሬሳው የተገኘበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። እንጦጦ ላይ ነጎደጎደ።

«ሸማኔ እግሩን ከትቶ የሚሠራበት ጉድጓድ ይኸውላችሁ። በሸራና በሳንቃ ተከድኗል፤ ጭቃው ከላይ ነው። ከታችስ?»

ገለጠችው። ጉድጓዱ ውስጥ ደረቅ ብጥስጣሽ ክር ብቻ ነበር።

«ጎርፍ ሰው ከማስጠሙ በፊት ጉድጓድ ይሞላል። ይሄ ጭቃ በባልዲ የተደፋ ነው፤ ጉድጓዱም ከዚያ በፊት ተከድኗል። ሲና፣ አባትሽ ይከድኑት ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ሸማው ገና አላለቀም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚከደነው?»

ሲና ቀስ ብላ ወደ አቶ ፀሐዬ ዞረች። «ለቅሶ ሲሆን… ለቀስተኛ እንዳይገባበት። የእድሩ ዳኛ ነው የሚከድነው። እናቴ የሞተች ጊዜም እርስዎ ነዎት የከደኑት።»

«ትናንት ሌሊትም ለቅሶው ገና ሳይሰማ እጅዎ የለመደውን ሠራ» አለች ደራርቱ። «አረንጓዴ ላይ ሰው ከሰጠመ ካርታው ውድቅ ይሆናል፤ ክፍሎችዎም ይተርፋሉ።»

«ማንም ሊከድነው ይችላል! ማስረጃሽ የታለ?»

ይሄኔ ወንዙ አጓራ። አቶ ፀሐዬ ዘለው ተነሡ።

«ማሚቴ! ማሚቴ ቤት ናት! አስወጧት!»

«ምነው? አይደርስም አላሉም?»

«ይደርሳል! ግዛቸው እውነቱን ነበር፤ እኔ ነኝ የገደልኩት! በማርያም፣ እሷን አትርፉልኝ!»

ደራርቱ ቀና እንኳ አላለችም። «ተከራዮቹ ከጠዋት ወጥተዋል። ማሚቴም ጣቢያ ሻይ እየጠጡ ነው።»

ሰውየው ጭቃው ላይ ተዘረፈጡ።

«እሱን በር ላይ አቁሙልኝ» አለች ሲና። «ይይ!»

ደራርቱና ሀምዳን ደግፈው አቆሟቸው። ውሃው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሲወስድ፣ ልክ ሟቹ ባሰመሩት መስመር ላይ ሲቆም አዩ። ሲና ሳንቃዎቹን አንሥታ የአባቷን ጉድጓድ ከደነች። ለቀስተኛ እየመጣ ነበር።