ጭጎጎት ያልነካው ጋቢ

ከቆላው ገበያ ወደ ብርቄ ቤት የሚያመጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በገደሉ አፋፍ፣ በጭጎጎቱ መሃል ያልፋል። ጭጎጎት አበባ ሳለ ማንም ዞሮ አያየውም። ነጫጭ ቅጠል፣ ቢጫ ዓይን፣ ቀጭን አንገት ያለው፣ የአደይ አበባ ደሃ ዘመድ ነው። ኅዳር ገብቶ አበባው ሲረግፍ ግን ጥቁር መርፌ ያወጣና ሰውም ይለፍ ፍየል፣ ሳይለጠፍበት አይሸኝም።

ስለዚህ ባሏ አንማው በግ ሸጦ በመጣ ቁጥር በራፉ ላይ ያለው መደብ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ጋቢውን ጭኗ ላይ ዘርግታ መርፌውን ትለቅማለች፤ እሱ የገበያውን ወሬ ያወርድላታል። ጣቴን ወጋኝ እያለች ብታማርርም ያቺን ሰዓት በምንም አትለውጣትም ነበር።

ያን ቅዳሜ አንማው ከወትሮው አምሽቶ መጣ። ጋቢውን ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ «ተይው፣ ምንም የለበትም» አላት። እውነትም አንድ መርፌ አልነበረበትም። ብርቄ ከሥራው በመገላገሏ ደስ አላት፤ የጅል ደስታ። መንገዱ አንድ ብቻ መሆኑ ትዝ ያላት እሳቱን ስታዳፍን ነው።

በማግስቱ ከቤት አልወጣም፣ በሠልስቱም። ከጎረቤት ጋር ካልተፎጋገረ ምሳ የማይወርድለት ሰው መደቡ ላይ ዝም ብሎ ይውላል። የበግ ጠረኑ ጠፍቶ፣ ድንጋይ ሲገለበጥ የሚሸተው ዓይነት እርጥብ አፈር ይሸታል። ሌላ ጊዜ ገና ሲቀመጥበት የሚንቋቋው ጠፍር አልጋ አሁን ሲጋደምበት ትንፍሽ አይልም፤ ብርቄም በጨለማው ከጎኗ የሌላ ሰው እስትንፋስ ለመስማት የራሷን ይዛ ትቆያለች፣ ምንም አትሰማም። ነገሩ አልጥም አላት። ይበልጥ ያልጣማት ግን የአምስት ዓመት ልጃቸውን ማስተዋልን ከጉያው አለመለየቱ ነበር።

«አባዬ አሁን ጥሩ ሆኗል» አለቻት ልጅቷ በጆሮዋ። «አይቆጣም። ቤቱን ሊያሳየኝ ነው።»

«የቱን ቤት?»

«የራሱን።»

ብርቄ ወደ ጓሮ ወጥታ ከፍየሏ ፀጉር ላይ ጭብጥ ሙሉ ጭጎጎት ለቀመች። አንማው መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ከኋላው መጥታ ጋቢው ላይ በተነችው። አንዱም አልያዘም፤ ሁሉም ኮሽ እያለ መሬት ላይ ረገፈ። አንማው ዞር አላለም።

«ፍየሏን ለቅመሽ ጨረስሽ?» አለ ብቻ።

ጎረቤት ብትጠራ ምን ልትል ነው? የባሌ ልብስ ንጹሕ ሆነብኝ? አበደች ይሏታል። መንገዱ የሚያልፍበትን ገደል በዓይኗ ማየት አለባት።

«እንጨት ልልቀም። ነይ ማስተዋል፣ አብረን።»

«ፀሐዩ ከባድ ነው» አለ። «እኔ ጋ ትቆይ።»

እጁ የልጅቷ ትከሻ ላይ ነበር። ብትነጥቀው ምን እንደሚያደርግ ፈራች፤ በጣም ፈራች። አይታ ብቻ ሮጣ ልትመለስ ለራሷ ማለች።

በጠራራ ፀሐይ አፋፉ ላይ ነፋስ እንኳ አልነበረም፤ የደረቀው አገዳ በእግሯ ሥር ሲሰበር ብቻ ይሰማታል፣ መርፌው ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ያዘው። አንድ ቦታ ላይ ጭጎጎቱ ከባድ ነገር እንደተንከባለለበት ሁሉ ወደ ገደሉ ተኝቷል። በሆዷ ተኝታ ቁልቁል አየች።

ከታች፣ ከምንጩ ዳር፣ ጥቁር ነገር ተጋድሞ ነበር። ተንቀሳቀሰ። ጋቢ ነው፤ መርፌ ያልተሰካበት ቦታ የሌለው ጋቢ። ከውስጡ ፊት ብቅ አለ፤ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ፣ ጉንጩ የገባ፣ ግን አንማው። አንድ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

«ብርቅዬ» አለ በሻከረ ድምፅ። «ውሃው ነው ያቆየኝ። ስንት ቀን ተጣራሁ!»

አለቀሰች፣ ወዲያውም ሳቀች፤ ገመድ አመጣለሁ፣ አገር ጠርቼ አወጣሃለሁ እያለች ቁልቁል ጮኸች። እሱ አይሰማትም ነበር። ዓይኖቹ ከጎኗና ከኋላዋ ሰው ሲፈልጉ ቆዩ።

«ማስተዋልን» አላት ቀስ ብሎ፣ «ከማን ጋር ትተሻት መጣሽ?»