ሁለት ካሬ ወደ ግራ

«ተሳስቷል እኮ! ወደ ቀኝ ነው የወሰደው» አለች ረዲያ፣ በሰዓዲያ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ ግራፉን እያየች።

እውነቷን ነበር። ጥያቄው «ኤክስ ሲደመር ሁለት፣ በሙሉ ኪዩብ፣ ሲደመር አንድ» ይላል። መስመሩ ሁለት ካሬ ወደ ግራ ሄዶ አንድ ካሬ ከፍ ማለት ነበረበት። የሰዓዲያ ወንድም ታጁዲን ግን የመደመር ምልክቱን አይቶ ወደ ቀኝ ገፍቶታል። ቢሆንም አሳሳሉ ያምራል። ከታች ተነስቶ ሽቅብ እስኪወጣ መስመሩ አንድም ቦታ አልተሰበረም።

ታጁዲን ታላቋ ነው፤ ዘጠነኛን ስለደገመ አንድ ክፍል ሆኑ። የቤት ሥራውንም አብረው ነበር የጀመሩት። ባለፈው ቅዳሜ የአባታቸውን ጫት ይዞ ከአሰበ ተፈሪ ቦርደዴ ወረደ፤ እዚያው አውቶቡስ ተራ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። እናታቸው «ኢልማ ኮ! ልጄን!» እያሉ ሲያለቅሱ ሰነበቱ። ሰዓዲያ አላለቀሰችም። ውሃ ትቀዳለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ሰው ሲያናግራት ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላታል።

«ቶሎ በያ! ቲቸር እየሰበሰቡ ነው» አለች ረዲያ። «ስሙንም አጥፊው። ከክፍሉ የወጣ ተማሪ ስም ካለበት አልቀበልም ብለዋል።»

ሰዓዲያ ላጲስ አነሳች። መስመሩ የወንድሟ የእጅ ሥራ ነው፤ ሳጠፋው የሆነ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠበቀች። ምንም። ብናኙን እፍ አለችው። መምህሩ «ቅርጹን አትንኩት፣ ቦታውን ብቻ ቀይሩ» ማለታቸው ትዝ አላትና ያንኑ መስመር ወደ ግራ አምጥታ እንደገና ሳለችው።

መምህር ጀምበሩ አጠገቧ ደርሰው ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሁለት ስሞች አነበቡ።

«ምን ብዬ ነበር?»

«ሰምቻለሁ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ?»

«የሳለው እሱ ነው። እኔ ወደ ግራ ያመጣሁት ብቻ ነው።»

መምህሩ ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ቀነሱ። «የኔ ትእዛዝ አይደለም፣ ሰዓዲያ። እንዲህ ካስረከብሽኝ ዜሮ ነው የማገባልሽ። አጥፊውና ልቀበልሽ።»

«ከሃያ እኮ ነው!» አለች ረዲያ በሹክሹክታ፣ በክርኗ ጎሸም እያደረገቻት።

ሰዓዲያ ወረቀቱን አንዴ አየችው።

«ዜሮ ይሁን፣ ቲቸር» አለችና ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።