አባባ ሽብሩ መቆም አቃታቸው

አባባ ሽብሩ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ትልቅ፣ ረጅም አውቶቡስ ይነዱ ነበር።

ከአዳማ ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ወደ አዳማ። መሄድ፣ መመለስ። መሄድ፣ መመለስ።

በመንገዱ ዳር ሐይቆች አሉ። አባባ ሽብሩ ግን አንድም ቀን ቆመው አላዩአቸውም። ተሳፋሪው ይቸኩላላ!

ባለቤታቸው እማማ አስካለ ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳው ፊት ቆመው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ያስተምሩ ነበር።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ እግራቸው ያብጣል። «ውይ እግሬን!» ይላሉ እማማ አስካለ።

አሁን ሁለቱም አርጅተዋል። ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ ማለት ብዙ ዓመት የሠራ ሰው «በቃ፣ አሁን እረፍ» ሲባል ነው።

አባባ ሽብሩ ግን ማረፍ አልለመዱም። አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ሚኒባስ ገዙ።

ወንበሮቿን አወጡ። አልጋ አስገቡ። ትንሽዬ ምድጃም አስገቡ። እማማ አስካለ ቢጫ መጋረጃ ሰፉላት።

ሚኒባሷ ቤት ሆነች! ጎማ ያላት ቤት!

«ክረምቱን ሐይቅ ለሐይቅ እንዞራለን» አሉ አባባ ሽብሩ። «አንድም ሐይቅ አይቀረንም!»

«እኔስ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ቁጭ ልበል እንጂ ሌላ አልፈልግም» አሉ እማማ አስካለ።

ውሻቸው ቦራም ተሳፈረ። ቦራ ወፍራም ነው። ቦራ ሽማግሌ ነው። ሲሄድ እንኳ እያዛጋ ነው።

አልጋው ላይ ወጣ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባ። «ኽርርር… ፉ! ኽርርር… ፉ!» ብሎ ተኛ።

መኪናዋም ተነሳች። «ድርርር… ጓ! ጓ! ድርርር… ጓ! ጓ!»

መጀመሪያ ቆቃ ሐይቅ ደረሱ። ውሃው ሰፊ ነው። ከሩቅ አንድ ጉማሬ ጆሮውን አውጥቶ አያቸው።

«ሽብሩ፣ እዚህ ትንሽ እንቀመጥ» አሉ እማማ አስካለ።

አባባ ሽብሩ ሰዓታቸውን አዩ። ሞተሩን እንኳ አላጠፉም። «አየን! እንሂድ!» አሉ።

«ድርርር… ጓ! ጓ!»

ዝናብ መጣ። ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። ወገባቸውን አመማቸው። አንገታቸውን አመማቸው።

ዝዋይ ሐይቅ ደረሱ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ምንቃሩ ረጅም ነው። መላጣው ረጥቧል።

«ሽብሩ፣ እዚህስ?» አሉ እማማ አስካለ።

አባባ ሽብሩ ሰዓታቸውን አዩ። «አየን! እንሂድ!»

«ማን እየጠበቀን ነው?» ብለው ጠየቁ እማማ አስካለ።

አባባ ሽብሩ አሰቡ። «እኔንጃ!» አሉና ነዳጁን ረገጡ።

«ድርርር… ጓ! ጓ!»

እማማ አስካለ ደክሟቸዋል። ከኋላ ሄደው ቦራ አጠገብ ጋደም አሉ። መጋረጃውንም ዘጉ።

ሦስተኛው ሐይቅ ላንጋኖ ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል።

አባባ ሽብሩ መኪናዋን አቆሙ። ለማረፍ ግን አይደለም። ጎማዎቹን ሊያዩ ነው። ወርደው በጫማቸው መታ መታ አደረጓቸው። «ድም! ድም! ድም! ድም!»

እማማ አስካለ በመጋረጃው ቀዳዳ አዩ። ውሃው ቅርብ ነው። በጣም ቅርብ!

«አሁን ካልወረድኩ መቼም አልወርድ» አሉ በልባቸው።

ጫማቸውን በእጃቸው ያዙ። በሩን ቀስ ብለው ከፈቱ። በሌላኛው በኩል ወረዱ። ቀስ… ቀስ… ቀስ…

አባባ ሽብሩ አላዩአቸውም። ጎማዎቹን እያዩ ነበር።

ቦራ አልጋው መሀል ላይ ተዘረጋ። ብርድ ልብሱም እላዩ ላይ ነበር። «ኽርርር… ፉ! ኽርርር… ፉ!»

አባባ ሽብሩ መሪያቸውን ያዙ። ከመጋረጃው ኋላ ማንኮራፋት ሰሙ።

«አይ አስካልዬ፣ ደክሟታል። ትተኛ» አሉ በፍቅር። ከዚያም ቀስ ብለው፣ እንዳይቀሰቅሱ፣ «አየን! እንሂድ!» አሉ።

«ድርርር… ጓ! ጓ!»

አያችሁ? እማማ አስካለ ላንጋኖ ቀሩ!

አባባ ሽብሩ እየነዱ ያወራሉ። «አስካልዬ፣ ያ ሻላ ነው! ያውልሽ፣ ከዛፎቹ ማዶ!»

«ኽርርር… ፉ!»

«አስካልዬ፣ ሻሸመኔ ገባን! ካሮት ልግዛልሽ?»

«ኽርርር… ፉ!»

«እሺ፣ እሺ። ተኚ።»

ሐዋሳ ሲደርሱ መኪናዋን ሐይቁ ዳር አቆሙ። የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። «አስካልዬ፣ ተነሺ! ዓሣ ትበያለሽ?»

ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ። ብርድ ልብሱ ተነቃነቀ።

መጀመሪያ አንድ ጆሮ ወጣ። ፀጉራም ጆሮ። ቀጥሎ አፍንጫ ወጣ። እርጥብ አፍንጫ። መጨረሻ ላይ ጅራት ወጣ!

«ው!» አለ ቦራ። ዓሣ ይወዳል።

«አስካለ?» አሉ አባባ ሽብሩ። አልጋው ሥር አዩ። የለችም። መኪናዋን ዞሩ። የለችም።

ስልክ ደወሉ። «ጥርርር! ጥርርር!» ስልኩ የጮኸው ከትራሱ ሥር ነው።

አባባ ሽብሩ በሩ ላይ ቁጭ አሉ። «አስካለን ጣልኳት!» አሉ። «ስንት ሰው ሳደርስ ኖሬ የራሴን ሰው ጣልኳት!»

መኪናዋን አዞሩ። ወደ ኋላ! ወደ ላንጋኖ!

ዝናቡ ይወርዳል። መንገዱ ዳገት ነው። መኪናዋ አቃሰተች። «ድርርር… ጓ… ጓ…»

«በርቺ!» አሉ አባባ ሽብሩ። «ትንሽ በርቺ!»

«ፍሽሽሽሽ!» እንፋሎት ከፊቷ ወጣ። መኪናዋ ቆመች። እሷም ደክሟታል።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው። አባባ ሽብሩ መንገድ ዳር፣ ዝናብ ላይ ቆሙ። ሌሎች መኪኖች ያልፋሉ። «ቭዥዥዥ! ቭዥዥዥ!» ማንም አልቆመም።

«ሁሉም እንደ እኔ ቸኩሏል» አሉ። ቦራ መጥቶ እግራቸውን ተደገፈ።

እማማ አስካለስ?

እማማ አስካለ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ነበር። «እሰይ!» ብለው ነበር። ዞር ሲሉ ግን መኪናዋ የለችም!

መጀመሪያ ሳቁ። «አሁን ይመለሳል» አሉ። ትንሽ ጠበቁ።

አባባ ሽብሩ አልመጡም። ደግሞ ጠበቁ። አልመጡም። ሳቃቸው ጠፋ።

እዚያ ቡልቱ የምትባል በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች። አየቻቸውና መጣች።

«እማማ፣ ሰው ይጠብቃሉ?»

«ባለቤቴ ትቶኝ ሄደ፣ ልጄ።»

«ትቶዎት? ተጣላችሁ?»

«ኧረ አልተጣላንም። ሹፌር ነው። መንዳት እንጂ መቆም አያውቅም።»

ቡልቱ ሳቋ መጣ። ግን አልሳቀችም። የእማማ አስካለ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ግራር ሥር፣ ላስቲክ በተወጠረበት፣ ምንጣፍ አነጠፈችላቸው። ትኩስ በቆሎም ሰጠቻቸው።

«መኪና ላስቁምልዎትና ይከተሏቸው?» አለች።

እማማ አስካለ አሰቡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ስሄድ እሱ ቢመጣስ? እንተላለፋለን። የጠፋ ሰው ካለበት አይነቃነቅም። ተማሪዎቼን እንደዚህ ነበር የማስተምራቸው።»

እና ቁጭ አሉ። አልተነቃነቁም።

ዝናቡ ቆመ። ደግሞ ጀመረ። ደግሞ ቆመ። ወፎቹ ወደ ጎጇቸው ገቡ። ውሃው ከቡናማ ወደ ግራጫ ተቀየረ።

«ባይመጣስ?» አሉ እማማ አስካለ በሆዳቸው። ለቡልቱ ግን አልነገሯትም።

ልክ ያኔ ከሩቅ ድምፅ መጣ። በጣም የደከመ ድምፅ። «ድር… ጓ… ድር… ጓ… ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ!»

አባባ ሽብሩ መኪናዋ ሳትቆም ሊወርዱ ምንም አልቀራቸው! ሮጡ። ጭቃው ውስጥ ሮጡ። አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረ። እሱንም ትተው ሮጡ።

«አስካለ! አስካልዬ!»

እማማ አስካለ አልተነሱም። ወደ ውሃው እያዩ «ሐዋሳ እንዴት ነው?» አሉ።

«አላየሁትም።»

«ሻላስ?»

«አላየሁትም» አሉ አባባ ሽብሩ። አንገታቸውን ደፉ። «አስካልዬ፣ አንዱንም ሐይቅ አላየሁም። ‹አየን› እል ነበር እንጂ አላየሁም።»

«ተናድጃለሁ፣ ሽብሩ።»

«ተናደጂ። ልክ ነሽ።»

«ፈርቼም ነበር።»

«እኔም» አሉ አባባ ሽብሩ። «ይቅር በይኝ።»

እማማ አስካለ በምንጣፉ ላይ ጠጋ አሉ። «ና፣ ቁጭ በል።»

አባባ ሽብሩ ቁጭ አሉ። እግራቸው ላይ የቀረችውን አንዷን ጫማ አወለቁ። ካልሲያቸውንም አወለቁ።

እማማ አስካለ የአባባ ሽብሩን እግር አዩ። «ውይ! የአንተም እግር አብጧል! ለምን አልነገርከኝም?»

«ሹፌር ደከመኝ አይልም» አሉ አባባ ሽብሩ። «ሹፌር ደከመኝ ካለ ተሳፋሪው ይፈራል።»

«አሁን ተሳፋሪ የለም» አሉ እማማ አስካለ። «እኔ ነኝ ያለሁት።»

አባባ ሽብሩ ሰዓታቸውን ፈቱ። ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ደክሞኛል» አሉ። «አስካልዬ፣ በጣም፣ በጣም ደክሞኛል።»

«አውቃለሁ» አሉ እማማ አስካለ። እጃቸውንም ያዙ።

ቡልቱ ሄዳ የጠፋውን ጫማ ከጭቃው ጎትታ አወጣች። «ሽሉፕ!» አለ ጫማው። ሁሉም ሳቁ።

የቀረውን በቆሎ ሦስቱም ተካፍለው በሉ። ለቦራም ደረሰው።

«ነገ የት ነው የምትሄዱት?» ብላ ጠየቀች ቡልቱ።

አባባ ሽብሩ ወደ እማማ አስካለ ዞሩ። እማማ አስካለ ወደ አባባ ሽብሩ ዞሩ።

«የትም አንሄድም!» አሉ ሁለቱም።

ጨለም ሲል መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ቢጫውን መጋረጃ ዘጉ። ቦራ አልጋውን በግድ ለቀቀ።

ዝናቡ ጣሪያው ላይ «ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ» አለ። አባባ ሽብሩ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቀኝ እግራቸው ግን አልተኛም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ነዳጅ ይረግጣል፣ ይለቃል። ይረግጣል፣ ይለቃል። በሕልማቸው እየነዱ ነው።

እማማ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው የአባባ ሽብሩ ጉልበት ላይ አደረጉ። «ደርሰናል፣ ሽብሩ» አሉ በሹክሹክታ። «ሁሉም ወርዷል።»

እግራቸው ቀስ አለ።

ደግሞ ቀስ አለ።

ቆመ።