የመጋቢት ላም

ፌኔት ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል። የሚያውቋት ሰዎች ስትጮህ ዘና ይላሉ፤ ስታንሾካሹክ ግን ወንበራቸውን ሸሸት ያደርጋሉ። ያን ቀን ጠዋት ቡራዩ ከታክሲ ወርዳ የሰንሰል ሶፍትዌር ድርጅትን ደረጃ ስትወጣ፣ ለጥበቃው የሰጠችው ሰላምታ ጨርሶ አልተሰማም።

በሪሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ በራ፤ አንገቷን አቀርቅራ መምጣቷን ሲያይ ደግሞ ብርሃኑ ወዲያው ጠፋ።

«ምነው የኔ ፍቅር? ሥራ አልገባሽም?»

«አባቴ አክሲዮን ሊገዙ ነው» አለች፣ ከመተንፈስ ብዙም ባልራቀ ድምፅ። «የእናንተን። ለመሬታቸው በተከፈላቸው ካሳ በሙሉ። ትናንት እራት ላይ ነው የነገሩኝ። አንተ ታውቅ ነበር?»

በሪሁን ከመመለሱ በፊት የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጠረገ። አቧራ አልነበረበትም። ፌኔት ጣቱን እያየች መልሱን አወቀች።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ አዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። የሐምሌ ዝናብ ያወርደዋል። እሱ ሱሉልታ ላለ አንድ የቁጠባ ማኅበር ሶፍትዌር ሊገጥም የሚሄድ፣ ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ የታቀፈ ሰው ነበር። እሷ ጃንጥላዋን ዘረጋችለት፤ ለሰውየው ሳይሆን ለኮምፒውተሩ።

«ለእኔስ?» ቢላት፣ «አንተ ትደርቃለህ፤ እሱ ግን ከራሰ አለቀለት» አለችው። እንደራሰ ከት ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ሱሉልታ እስኪደርሱ ድረስ በጆሮዋ ስትሰማው ነበር።

በሪሁን ሰንሰልን ከመሠረቱት አራት ጓደኛሞች አንዱ ነው። ፌኔት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከተከፈቱት አዳዲስ የአክሲዮን አማካሪ ቢሮዎች በአንዱ ትሠራለች፤ አንድ ድርጅት ለሕዝብ ሊሸጠው ያሰበው አክሲዮን ስንት ያወጣል የሚለውን ታሰላለች። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲፋቀሩ ወሬያቸው ስለ ጨረቃ አይሆንም፤ መፋቀሩን ግን ተፋቀሩ። ሰበታ ላይ አንድ ቤት አይተው ቀብድ ከፍለዋል፤ ቁልፉን አስቀርጸው አንድ አንድ ይዘዋል። ሽማግሌ በጥር እንዲላክ ተነጋግረዋል።

«ታውቅ ነበር ወይ አልኩህ።»

«ነግረውኛል። ደስ ብሏቸው ነበር፣ ፌኒ። ‹ልጄን የምሰጥበት ቤት ገንዘቤንም ባስቀምጥ ምን ነውር አለው?› አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

«አይግዙ በላቸዋ!»

ከሱሉልታ ቡራዩ እስክትደርስ ሁለት ታክሲ ቀይራለች፤ መንገዱን ሁሉ ሰንሰል ለገዢዎች ያወጣውን መግለጫ ከፍታ ስልኳ ላይ ስታሰላ ነበር። አሁን ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነችው።

«አንዱን አክሲዮን ስድስት ሺህ ብር ያላችሁት፣ አምና አራት መቶ ብር ስላተረፈ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ትርፍ ማለት ነው፤ ደህና። እኔ ግን አምናን ብቻ አይደለም ያየሁት፤ አሥሩንም ዓመት ነው። ኮሮናውን፣ ኢንተርኔት የተዘጋባቸውን ወራት፣ የከሰራችሁበትን ሁሉ።»

«የዛሬ አሥር ዓመት ብርና የዛሬ ብር አንድ ነው?»

«አይደለማ! ለዚህ ነው የየዓመቱን ትርፍ በዛሬ ብር የመነዘርኩት። ያኔ በመቶ ብር የሚገዛውን ዕቃ ዛሬ በመቶ ብር ዋጋውን እንኳ አይነግሩህም። የድሮ ትርፋችሁን በዋጋ ንረቱ ልክ አሳደግኩላችሁ እንጂ አላሳነስኩባችሁም። ያም ሆኖ አማካዩ ስንት መጣ መሰለህ? መቶ ሃያ ብር። ስድስት ሺህን ለመቶ ሃያ አካፍለው።»

«ሃምሳ» አለ በሪሁን ቀስ ብሎ።

«ሃምሳ ዓመት! አባቴ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። መቶ አሥራ ሰባት ሲሞላቸው ገንዘባቸውን ያስመልሳሉ ማለት ነው። ዕድሜ ይስጣቸው!»

አሁን የእሱም ደም ፈላ፤ ከወንበሩ ተነሳ። «ሰንሰል የጤፍ ማሳ አይደለም እኮ! የዛሬ አሥር ዓመት አራት ልጆች፣ አንድ ጠረጴዛና የተዋስነው ኮምፒውተር ነበር። ዛሬ ሰማንያ ሰው ይሠራል። የሕፃንነት ቁመቴን ከአሁኑ ጋር ደምረሽ፣ ለሁለት አካፍለሽ ነው ሱሪ የምታሰፊልኝ? የሚያድግ ነገር እንዲህ አይለካም፣ ፌኔት!»

እውነቱን ነው። እያደገ ያለ ድርጅት በአሥር ዓመት አማካይ ሲመዘን እንደሚጎዳ ፌኔት ታውቃለች፤ ቢሮ ውስጥ ለአዲስ ገቢዎች ይህን የምታስተምረው እሷ ራሷ ናት። እውነት መናገሩ ይበልጥ አናደዳት።

«እሺ፣ አድጋችኋል። አምና ግን ቁመታችሁን የለካችሁት ወንበር ላይ ቆማችሁ ነው። ለናይሮቢው ደንበኛችሁ ለሠራችሁት ሥራ የተከፈላችሁ በዶላር ነው። ብር ሲረክስ ዶላሩ እጥፍ ሆነላችሁ፤ አራት መቶውን ያመጣው እሱ ነው። ውሉ ሰኔ ላይ አልቋል። ታድሷል?»

ስልኩን ከፊቱ ገለል አደረገ።

«በሪሁን፣ ታድሷል ወይ?»

«አልታደሰም።»

«ለገዢው ነግራችኋል?»

«ሥራ አስኪያጁ ከሽያጩ በኋላ ይገለጻል አለ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

መስኮቱን አየ። ታች አስፋልቱ ላይ ባጃጆች ይጯጯሃሉ። «ምንም አላልኩም» አለ። «ሽያጩ ከተሳካ የእኔም ድርሻ ዋጋ ያገኛል። የሰበታውን ቤት ቀሪ ክፍያ እጨርሳለሁ ብዬ... ለእኛ ብዬ ነው፣ ፌኒ።»

«ለእኛ አትበል!» ድምጿ ከዚህ በላይ ዝቅ ሊል አይችልም ነበር። «በአባቴ መሬት ነው ለእኔ ቤት የምትገዛልኝ? ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ያንተ ዝምታ ግን ስድስት ሺህ ብር ነው፣ ያውም ለአንዷ አክሲዮን።»

የሰበታውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ የኮምፒውተሩ ፊደላት ላይ ጣለችው። አንዱን ፊደል ተጭኖት ኖሮ ስክሪኑ በዚያው ፊደል ከዳር እስከ ዳር ይሞላ ጀመር።

«በጥር ሽማግሌ እንዳትልክ» አለችና ወጣች።

ሱሉልታ ስትመለስ አባቷን በረት ውስጥ አገኘቻቸው። ኦቦ ዲሪርሳ ማሳቸው ለመጋዘን ግንባታ ከተወሰደ ወዲህ የቀሯቸው ሦስት ላሞች ብቻ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር ነው የሚውሉት። ላም በመግዛት ሱሉልታ የሚስተካከላቸው የለም ይባላል። ዘዴያቸው አንድ ነው፤ የሚገዙት በመጋቢት ነው። በመስከረም ሣሩ ሞልቶ ላም ሁሉ ያምርበታል፤ ሻጩም ይኮራል። በመጋቢት ግን ሣር የለም፤ ጎድን ይቆጠራል፤ የላሚቷ እውነት ያኔ ይታያል።

«አባዬ፣ በመስከረም ላም ይገዛሉ?»

«ምን፣ ሞኝ ነኝ እንዴ?»

«ሰንሰል የመስከረም ላም ነው።»

የአባቷ ፊት ጠቆረ። «ማል ጄቴ? ምን አልሽ? የበሪሁንን ቤት ነው እንዲህ የምትይው? በመጣ ቁጥር ሸሚዙን አውልቆ በረት ሲጠርግልኝ የሚውለውን ልጅ?»

«እሱን ሳይሆን...»

«እሱን ነው እንጂ! ቤቱን መስደብ እሱን መስደብ ነው።»

እናቷ ወይዘሮ አጸደ ከደጃፉ ሆነው፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» ኦቦ ዲሪርሳ አካፋውን መሬት ላይ ወረወሩት። «መሬቱ ሄዷል። ብሩ ባንክ ውስጥ በቆመበት እየቀለጠ ነው፤ አምና ስድስት ላም የሚገዛው ዘንድሮ አራት አይገዛም። ማሳ የሌለው ገበሬ ምን ይሁን? ንገሪኛ፣ የተማርሽው! ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ቅዳሜ ሄጄ እገዛለሁ።»

ፌኔት የአባቷን ብር የሚበላውን ነገር ታውቀዋለች፤ የአሥሩን ዓመት ትርፍ የመነዘረችው በእሱው ስሌት አይደል? መድኃኒቱን ግን አታውቀውም። ያን ዕለት በመሬት ወሳጁም፣ በብሩም፣ በበሪሁንም፣ በራሷም እኩል ተናደደች።

ቅዳሜ አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የባንኩን ሲፒኦ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ ጎረቤቶቻቸውንም አስከትለው ቡራዩ ሄዱ። እሷ አልሄደችም። የቤቱን ልብስ ሁሉ፣ ንጹሑንም ጨምራ፣ ስታጥብ ዋለች።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ ድምፅ ከእሳቸው ቀድሞ በሩን ገባ።

«እብድ ነው! ያ ልጅ እብድ ነው!»

«ምን አደረገ?» አለች እጇ አረፋ እንደለበሰ።

«ሥራ አስኪያጁ ጥሩ አድርጎ ሲናገር ቆየ፤ ሰው ለግዢ ሊሰለፍ ሲል በሪሁን ተነሣና ማይኩን ያዘ። ‹የናይሮቢው ሥራ አልቋል፤ የአምናው ትርፍ ላይደገም ይችላል› አይልም? ‹የአሥር ዓመቱ ትርፋችን በዛሬ ብር ሲታሰብ ለአንድ አክሲዮን መቶ ሃያ ነው፤ ይህን ሳትሰሙ አትግዙ› አይልም? ማይኩን ቢነጥቁት ያለ ማይክ ቀጠለ! ሰው የገዛ ቤቱን ያማል? እኔ ፊት? ጎረቤቶቼ ሁሉ ‹አማች ይሆነኛል ያልከው እሱ ነው ወይ?› እያሉ አፈጠጡብኝ!»

«ገዙ ታዲያ?»

«ማን ይገዛል!» ሲፒኦውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። እንደታጠፈ ነበር።

ፌኔት ልብሱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ደስ አላት፤ ኮራችበት፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቷ ተመለሰ። እሱ እውነቱን እንዲናገር እሷ ቡራዩ ድረስ ሄዳ ቁልፍ መወርወር ነበረባት? ሳትሄድ ብትቀርስ? ማታ ሲደውል አላነሳችም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አላነሳችም።

ወሬው ግን ይደርሳት ነበር። ሰንሰል ሽያጩን አቋረጠ። በሪሁን ከኃላፊነቱ ተነሣ። በጥር ሽያጩ እንደገና ሲከፈት የናይሮቢው ነገር መግለጫው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ፣ ዋጋው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሆኖ መጣ። የበሪሁንን የማደግ ክርክርና የእሷን አማካይ ያስታረቀ ዋጋ ነው፤ ብትጠየቅ እሷም ከዚህ ብዙ የራቀ አትሰጥም ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ ለማንም ሳይናገሩ ጥቂት ገዙ። ማንም ያልነገራቸው ወይዘሮ አጸደ ደግሞ በነጋታው አወቁ።

አንድ ቀን አዲሱ ገበያ ሰልፍ ላይ ቆማ በሪሁንን አየችው። ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ ከስቷል። ዝናብ የለም፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። አያት። አየችው። መኪና በመሃላቸው ሲያልፍ ሁለቱም ጎንበስ ቀና እያሉ ተፈላለጉ። እጁን አነሣ፤ ሰላምታ ይሁን ይቅርታ አልታወቀም። ታክሲው መጣና ገባች። እስከ ሱሉልታ አለቀሰች፤ ማልቀሷም አናደዳት። ትወደዋለች። ይህን ያህል ወራት ተናዳም መውደዷ ቅንጣት አልቀነሰም፤ ዝምታውን ግን ይቅር ልትለው አልቻለችም።

በመጋቢት፣ ሁዳዴ ጾም ሳለ፣ ሦስት ሽማግሌዎች የኦቦ ዲሪርሳን ደጅ አንኳኩ።

ፊት የቆሙት ከሰበታ የመጡት የበሪሁን አጎት አቶ ዘርሁን ነበሩ። ኦቦ ዲሪርሳ ፊታቸውን ሳይፈቱ አስገቧቸው። እንግዶቹ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ፌኔት ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ታዳምጣለች።

«ኦቦ ዲሪርሳ» አሉ አቶ ዘርሁን ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «በዕድሜዬ ብዙ ደጃፍ ለሽምግልና ቆሜያለሁ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ሀብቱ ይህን ያህል ነው ስል ነው የኖርኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ ግማሹ ውሸት ነበር። የላከኝን ልጅ እንዳማ ታዝዤ ስመጣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ‹ደህናውን ዓመት ብቻ የምትነግሩልኝ ከሆነ አትሂዱልኝ› ብሎናል።»

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ያፈሩ ይመስላሉ።

«በኮሮናው ዓመት ደሞዝ አልነበረውም፤ የቤት ኪራዩን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ እናቱን አስለቅሷል። አምና ጥሩ አገኘ፤ ላይደገም ይችላል ብሏል። ዘንድሮ ከኃላፊነቱ ወርዷል፤ የሰበታው ቤት ቀብድም ውሃ በልቶታል።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «አንድ ሌላ አለ። እርስዎ አክሲዮን ልገዛ ነው ሲሉት፣ እውነቱን እያወቀ ዝም ብሏል። ‹እሱን እንዳትዘሉት፤ ከከሰርኩበት ዓመት ሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ፌኔት ያን ጊዜ ባትመጣ ኖሮ እናገር አልናገር እኔም አላውቅም› ብሏል። ይኸው ነው። ተደምሮ ስንት እንደሚወጣ እናንተ ዕወቁት፤ እኔ ሂሳብ አልችልም።»

ኦቦ ዲሪርሳ በተከፈተው በር የደረቀውን ግጦሽ ለረጅም ጊዜ አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፌኔት በንዴት መስሏት ነበር። ሳቅ ነው።

«አጸደ፣ ሰማሽ? በመጋቢት፣ ጎድኗ የሚቆጠር ላም ይዘውልኝ መጡ!» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «በስልሳ ሰባት ዓመት ዕድሜዬ ብዙ ገበያ ወጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሻጭ አላየሁም። ተቀመጡ፤ ተቀመጡ እባካችሁ። ገዢው ግን እኔ አይደለሁም። ፌኔት! ኮቱ፣ ነይ ውጪ!»

ወጣች። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣች። ከዚያ ወደ ተከፈተው በር ዞረች።

«የት ነው ያለው?»

«እዚያ ነው፣ አስፋልቱ ዳር...» አሉ አቶ ዘርሁን። «አትምጣ ብንለው እምቢ አለ።»

«ግባ በሉት!» ብላ ጮኸች ፌኔት። «ሁለተኛ ዝም ቢለኝ ግን ወዮለት!»

ጩኸቷ ከአጥሩ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደንግጠው ተያዩ። ኦቦ ዲሪርሳ ግን ልጃቸውን ያውቃሉና ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ።