የዊሊያም በሬ

መጀመሪያ የተሰማው ቃጭሉ ነው። ከማሠልጠኛው አጥር ውጭ፣ ከማንጎዎቹ ጀርባ፣ ዝግ ብሎ ይመጣል። ኛሊየፕ የያዘችውን ብሩሽ ባልዲው ውስጥ ጣለች። ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች።

ከዚያ ቀንዶቹ ታዩ፤ ከዚያ በሬው፤ ከጎኑ ገመዱን የያዘው አጎቷ ሬአት።

«እንዴ! ይሄ በሬ ነው የሲሚንቶ ከረጢት?» አለች አኬሎ፣ ለፈተና ያመጣችውን ውሻ በእግሮቿ መሀል ይዛ። ሌሎቹ ሠልጣኞች ሳቁ።

«አመድ ነው። ዝንብ ይከላከላል» አለች ኛሊየፕ። «ለማማርም ነው።»

«አቦ፣ እንግዲያው እኔም እሑድ ተቀብቼ ቸርች እመጣለሁ!»

ኛሊየፕም ሳቀች። የእንስሳት ንጽህናና ውበት አጠባበቅ ሥልጠና የሚያልቀው ዛሬ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከቤቱ ያመጣውን እንስሳ ያጥባል፣ ያበጥራል፣ ጥፍሩን ወይም ሰኮናውን ያስተካክላል። አንደኛ የወጣው ብቻ ክረምቱን አዲስ አበባ ሄዶ ሥልጠናውን ይቀጥላል። እስካሁን የምትመራው እሷ ናት፤ አኬሎ ከኋላዋ አለች።

በሬው የወንድሟ የዊሊያም ነው። ጎረምሳ ሲሆን አጎቷ የሰጠው፤ ቃጭሉን አንገቱ ላይ ያሰረው ግን ራሱ ዊሊያም ነው። በኑዌር ወግ ጓደኞቹ ዊሊያም ማለቱን ትተው በበሬው ስም ይጠሩት ነበር። በበጋ፣ ከኢታንግ ወዲያ ከብቶቹ በሚያድሩበት የወንዝ ዳር ሜዳ፣ ኛሊየፕ ጠዋት ጠዋት የኩበት አመድ በቅል ታመጣለች። ዊሊያም ለበሬው እየዘፈነ ይቀባዋል። የተረፈውን አፍንጫዋ ላይ ይለጥፍና «አንቺም ጥጃዬ ነሽ» ይላታል። ያኔ ቀኑ ረጅም ነበር፤ ጭሱ እንኳ የወተት ሽታ ነበረው።

ዊሊያም ሥራ ልፈልግ ብሎ ጁባ ከሄደ ሁለት ክረምት አለፈ። ስልኩ አይነሳም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የሚቀባው አጎቷ ነው፤ ሳይዘፍን።

«ጀምሩ!» አለ አሠልጣኙ ቲቸር ዳምጠው።

የመጀመሪያው ውሃ በሬው ጀርባ ላይ ሲፈስ አጎቷ ፊቱን ወደ ባሮ አዞረ። ኛሊየፕ አየችው፤ እጇን ግን አላቆመችም። ግራጫ ውሃ በእግሮቿ መሀል ወረደ። ከሥሩ የረሳችው ቀለም ብቅ አለ፤ ጎኑ ቀይ፣ ሆዱ ነጭ። ከጆሮው ሥር መዥገር ነቀለች፣ ሰኮናውን ሞረደች፣ ጭራውን አበጠረች።

ቲቸር ዳምጠው ዞር ዞር ብሎ አየና «ጎበዝ! ሥራ ማለት እንዲህ ነው» አላት። «ሌሎቹን አይቼ መጥቼ ነጥብ እሞላለሁ። እንዳትነኪው።»

ዝንቦቹ ወዲያው መጡ። በሬው ቆዳውን እያርገበገበ አንገቱን ሲወዘውዝ ቃጭሉ ዕረፍት አጣ። ንጹሕ ነው፤ ያብረቀርቃል። ኛሊየፕ ግን አሁን ስታየው ሰው የሌለው በሬ መሰላት።

ማንጎው ሥር አጎቷ ያመጣት ፌስታል አለች። ውስጧ ምን እንዳለ ሳትከፍት ታውቃለች።

«አጎቴ፣ መልሼ ልቀባው?» አለችው በኑዌርኛ።

«ፈተናው ያንቺ ነው። ቤት ስንደርስ እኔ እቀባዋለሁ።»

ፌስታሏን ፈታች።

«እብድ ነሽ እንዴ?» አኬሎ ውሻዋን እየጎተተች መጣች። «ነጥቡ እኮ በንጽህና ነው! ልቀድምሽ ነው እኮ!»

«ቅደሚኝ።»

አመዱ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ከአንገቱ ጀመረች፤ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ጎኑ። የዊሊያም ዘፈን ግጥሙ ግማሹ ጠፍቷታል፤ የጠፋውን ቦታ በእንጉርጉሮ ሞላችው። በሬው አንገቱን መወዝወዝ ተወ። አጎቷ ገመዱን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

ቲቸር ዳምጠው ሲመለስ ደነገጠ። «ኛሊየፕ! ምን ነካሽ?»

«ጨርሻለሁ ቲቸር።»

«የምሞላው አሁን የማየውን ነው። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

እስክሪብቶውን አወጣ። ከዚያ ነጥቡን ሞልቶ ወደ አኬሎ ውሻ አለፈ።

አጎቷ ጠጋ ብሎ ከበሬው አንገት ላይ ቃጭሉን ፈታ። አመድ የለበሰ እጇን ይዞ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፤ ጣቶቿንም አጠፈላት።

«አጎቴ? ይሄ ምንድን ነው?»

«ለሚዘፍንለት ሰው ነው» አለና ገመዱን ሳብ አደረገ። እሱና በሬው በማንጎዎቹ መሀል ወጡ፤ ምንም ድምፅ ሳይሰማ።