ቀኝ ክንድ ላይ የተወጋው ሰው

ወዳጆቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከመርፌ ሸሽቶ ሞት ጉያ የገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልንገራችሁ።

ሬሳው በአውሮፕላን የመጣው ማክሰኞ ጧት ነው። ሟቹ የውሃ ፓምፕ የሚተክል ድርጅት ኃላፊ ነበር፤ ሠራተኞቹ «ዋናው» ነው የሚሉት። ሲቆጣ መስኮቱ ይርገበገባል ይባልለት ነበር። ለሥራ ሩዝ የሚዘራበት አገር ሄዶ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ውሃ በተኛበት እርሻ ዳር ሲቆም ቢምቢ ነከሰችው። በኋላ የያዘው ወባ ሳይሆን ሌላ ትኩሳት አንጎሉ ገብቶ በዘጠኝ ቀን ጨረሰው።

ኪሱ ውስጥ ግን የክትባት ካርድ ተገኘ። ለዚሁ በሽታ ሁለት ጊዜ ተወግቷል ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው።

ፊርማው የሲስተር ነው። ሲስተር የተጓዦች ክሊኒክ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ክትባት የሰጠች ሴት ናት። ያንኑ ቀን የዋናው ምክትል «ውሃ ነው የወጋችው» ብሎ ከሰሳት። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ ደግሞ የክትባት ክፍሉን ቁልፍ ከእጇ ነጠቃት። ከተፈረደባት የሥራ ፈቃዷም ይቀራል፣ እሷም እስር ቤት ትገባለች።

ረቡዕ መርማሪዋ መጣች። ጉልበቷን የሚያማት፣ ወሬዋን ሁሉ «ቆይ» ብላ ስለምትጀምር «እትዬ ቆይ» የሚሏት ሴትዮ ናት።

ዶክተሩ በር ላይ ተቀበላት። «እኔ አስተዳደር ላይ ነኝ። መርፌ የምትይዘው እሷ ናት» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለችውን ሴት እንደተጠቀሙበት ጥጥ ወረወራት። ያን ነጭ ጋውን ለምን እንደሚለብሰው እግዜር ይወቀው።

ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ወንበር ጫፍ ይዛ ተቀምጣለች።

«ቆይ፣ ሟቹን ታስታውሺዋለሽ?»

«እትዬ፣ በቀን አርባ ሰው ነው የማየው። ደግሞ የሚያስለው ሁሉ ስለሚመጣ ማስክ ሳያደርግ ማንም አይገባም። እኔ ፊት አላይም፣ ክንድ ነው የማየው።»

«ፓስፖርቱንስ አላየሽም?»

ሲስተር አንገቷን ደፋች። «ለቪዛ ኤምባሲ ነው ያለው አለኝ። አመንኩት። ጥፋቴ ነው፣ አልክድም።»

መርማሪዋ መዝገቡን ገለጠች። ሌላው ሰው ሁሉ «ግራ ክንድ» ይላል። ዋናው ግን በሁለቱም ቀን «ቀኝ ክንድ»።

«ቆይ፣ ይሄ ለምን ቀኝ ሆነ?»

«እኔ ልማድ አለኝ። ሳልወጋ በፊት ‹በየትኛው እጅህ ነው የምትሠራው?› እላለሁ። መርፌው ስለሚያም ሥራ እንዳያስፈታው በማይሠራበት በኩል እወጋለሁ።»

«ሌላስ ምን ትያቸዋለሽ?»

«በሽታው አንዴ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ቢምቢዋ ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትናደፈው፣ አጎበር አይለያችሁ። ይችን ሳልናገር ማንንም አልለቅም። ይሰለቻቸዋል።»

«ፍሪጁን ማን ነው የሚቆጣጠረው?»

«እኔ ነኛ! ጧትና ማታ ሙቀቱን እጽፋለሁ፣ ብልቃጡን እቆጥራለሁ።»

መርማሪዋ የፍሪጁን ደብተር ብብቷ ውስጥ ከትታ ወጣች።

የዋናው ባለቤት ቤት ለቅሶ ነው። መርማሪዋና የሟቹ ሚስት መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

«ቆይ እህቴ፣ ባለቤትሽ በየትኛው እጁ ነበር የሚሠራው?»

«በቀኙ ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«መርፌውን ተወግቶ ሲመጣ ክንዱን አላመመውም?»

«ኧረ ምንም! ያን ቀን የልጅ ልጁን በሁለት እጁ አንስቶ ሲያሽከረክር ነበር። እኔማ ገርሞኛል፤ መርፌ ሲያይ ያዞረው ነበር እኮ። አንዴ ልጃችን ደም ስትሰጥ ዘፍ ብሎ ወድቆ፣ ‹ለሰው ብትናገሪ ወዮልሽ› ብሎኛል።»

አያችሁልኝ? መቶ ሠራተኛ የሚያንቀጠቅጥ ወንድ!

«ከመሄዱ በፊት ያሳሰበው ነገር ነበር?»

ባለቤቱ እንባዋን ጠረገች። «ሊሄድ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ስለሚሄድበት አገር አንድ ዜና አይቶ ልቡ ተረበሸ። ለምክትሉ ደወለ። እኔ ስገባ ‹አልቋል? በቃ ተወው› ብሎ ዘጋው። የአውሮፕላን ቦታ መስሎኝ ዝም አልኩ። የልጄ ልደት ማግስት ነበር፣ ቀኑን አልረሳውም።»

መርማሪዋ ምክትሉን ያገኘችው ቢሮ ነው። የማን ቢሮ? የዋናው! ሰውየው ከተቀበረ ገና አንድ ቀን ነው፣ እሱ ወንበሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ለራሱ ቁመት ያስተካክላል። ሰዓቱን ቀኝ እጁ ላይ አስሯል። ሲጽፍ ቆይቶ ኖሮ የግራ መዳፉ ጠርዝ ቀለም በቀለም ሆኗል።

«ቆይ፣ ክሊኒኩን ታውቀዋለህ?»

«ደጃፉንም ረግጬ አላውቅ።»

«አንተስ ለዚህ በሽታ ተከትበህ ታውቃለህ?»

«ለምን ብዬ? እዚያ አገር አልሄድኩ! ይልቅ ያችን ሴትዮ ቶሎ እሰሩልን። እንደ አባት ነበር የማየው።»

አባት! አፉን ሞልቶ ሲናገር አያፍርም።

አርብ ከሰዓት መርማሪዋ ሁሉንም የክትባት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጉልበቷን እያሸች መመርመሪያ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ሲስተር በማይሠሩበት እጅ ነው የምትወጋው። መዝገቡ ቀኝ ክንድ ይላል። ስለዚህ የተወጋው ሰው ግራኝ ነው። ሟቹ ደግሞ በቀኙ ነበር የሚሠራው። ካርዱ የሱ ነው፣ ክንዱ ግን የሱ አይደለም።»

ባለቤቱ አፏን ያዘች። ምክትሉ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ።

«አውጣው ልጄ፣ አይቼዋለሁ» አለችው መርማሪዋ። «ግራኝ ሲጽፍ እጁ ቀለሙን ይጠርገዋል። አንተ ነህ በማስክ ተሸፍነህ፣ በሱ ስም ሁለቴ እዚህ የተወጋኸው።»

«ግራኝ እኔ ብቻ ነኝ?»

«አይደለህም። ግን ተከትቤ አላውቅም፣ እዚያም አገር አልሄድኩም ብለኸኛል። እንግዲያው ደምህ ውስጥ የዚህ ክትባት ምልክት ምን ይሠራል? ላቦራቶሪው ቅርብ ነው፣ እንሂድ?»

ምክትሉ ፊቱ አመድ መሰለ። «እሱ ራሱ ነው የላከኝ! መርፌ ይፈራል! አለቃ ሲያዝ ምን ልበል?»

«ልኮሃል። የሱን ፍርሃት እሱ በነፍሱ ከፍሎበታል። ቆይ፣ ወዳንተ ልምጣ። አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ተጸጽቶ ደወለልህ፤ ‹ልወጋ፣ አመቻችልኝ› አለህ። አንተ ምን አልከው? ‹ክትባቱ አልቋል›።» የፍሪጁን ደብተር ገለጠች። «ያን ቀን ጧት አሥራ አንድ ብልቃጥ፣ ማታ ዘጠኝ። ዶክተር፣ በዚያ ጊዜ ቢመጣ ይደርስ ነበር?»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለአዋቂ... በሰባት ቀን ልዩነት ሁለቱን መጨረስ ይቻላል። ይደርስ ነበር።»

«ከያዘ መድኃኒት እንደሌለው ደግሞ ሲስተር ሁለቴ ነግራሃለች፤ ሳትናገር ማንንም አትለቅም። አውቀህ ላክኸው። ሲሞት ወንበሩ ላይ ወጣህ፣ ኃጢአትህን በዚች ሴት ላይ ደፋህ። የወንጀሉን ስም ፍርድ ቤት ያወጣለታል።»

«የልጅ ልጄን ይዘህ እያባበልክ ነበር እኮ በቀብሩ ላይ!» አለች ባለቤቱ። ልትመታው እጇን አነሳችና ተወችው፤ እጇን ማቆሸሽ መሰላት።

በር ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ምክትሉን ሲወስዱት ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ቁልፉን ዘረጋ። «ሲስተርዬ፣ እኔ እኮ ድሮም አውቅ ነበር።»

«ቁልፉን ስትነጥቀኝም ታውቅ ነበር?» አለችው።

 

ሲስተር ቁልፉን ተቀብላ መጀመሪያ ያደረገችው ፍሪጁን መክፈት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሙቀቱን የጻፈ ሰው የለም። አይታ «ተመስገን» አለችና ጻፈች። ከዚያ በሩን ከፍታ የመጀመሪያውን ተረኛ ጠራች።

«ማስክህን ዝቅ አድርግ ወንድሜ። ፓስፖርት?»

እናንተም አደራችሁን፤ መንገድ ስትሄዱ ሰው አትላኩ፣ እጅጌያችሁን ራሳችሁ ሰብስቡ።